በአፍንጫቸው የተተከሉት መኪኖች

ጥያቄው፦ «ጅቡቲ ወደብ ላይ በትራንዚተርነት እሠራለሁ። ተሽከርካሪ ከመርከብ ወርዶ በሾፌር እየተነዳ ወይም በተሳቢ ላይ ተጭኖ ወደ አገር ቤት ሲገባ በየቀኑ አያለሁ። ሰሞኑን አሜሪካ ውስጥ ተነሣ የተባለ የቆየ ፎቶግራፍ ደረሰኝ። አዳዲስ አውቶሞቢሎች በባቡር ፉርጎ ውስጥ አፍንጫቸውን ወደ ታች ደፍተው እንደ ቋንጣ ተሰቅለዋል። እውነት ነው ወይስ በኮምፒውተር የተቀነባበረ? እውነት ከሆነ ዘይቱ እንዴት አልፈሰሰም? ለመሆኑ ድሮ ባቡር አዲስ መኪና ከፋብሪካ የሚያወጣው እንዴት ነበር?»

ፎቶግራፉ እውነተኛ ነው። መኪኖቹ ሼቭሮሌት ቬጋ የሚባሉት ናቸው፤ የተገጣጠሙት በኦሃዮ ግዛት፣ ሎርድስታውን በነበረው የጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ ነው፤ ዘመኑም የ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ፉርጎው ቨርት-ኤ-ፓክ ይባል ነበር። ወደ ዘይቱ ጉዳይ እመለሳለሁ፤ ከጥያቄዎ ውስጥ ጣፋጩ እሱ ነው። ነገር ግን ጤነኛ መሐንዲሶች አዲስ መኪና እንደ ቋንጣ ወደ መስቀል እንዴት እንደደረሱ እንዲገባዎ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልስዎት።

እኔ በአሜሪካ የጭነት ባቡር ሥራ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ የቆየሁት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፦ አዲስ መኪና ፉርጎ ላይ ሲወጣና ሲወርድ የደረሰበትን ጭረት መመዝገብ። በዚህ ሥራ የኖረ ሰው መኪናን እንደ ብረት አያየውም፤ በቆርቆሮ የተጠቀለለ አየር ነው የሚታየው። ስንዴ፣ ሲሚንቶ ወይም ድንጋይ ከሰል ሲጭኑ ፉርጎው የሚሞላው በክብደት ነው። መኪና ሲጭኑ ግን ሚዛኑ ገና ሳይነካ ቦታው ያልቃል። የፎርድ ሞዴል ቲ ክብደቱ እንደ ዓይነቱ ከ540 እስከ 750 ኪሎ ግራም ነበር። በጊዜው 40 ቶን የሚችል የተዘጋ ፉርጎ ውስጥ አራት ያህሉን ቢያስገቡ ጭነቱ ከ3 ቶን አይበልጥም፤ በሩ ግን ይዘጋል። ሎኮሞቲቩ የሚጎትተው ባብዛኛው የራሱን የፉርጎውን ብረትና ባዶ አየር ነው፤ የማጓጓዣው ዋጋ ደግሞ ዞሮ ዞሮ መኪናው ላይ ይደመራል። ከዚያ ወዲህ የመጣው ብልሃት ሁሉ፣ እርስዎ ያዩት ፎቶግራፍ ጭምር፣ ይህን አየር ለመቀነስ የተደረገ ትግል ነው።

ሄንሪ ፎርድ ነገሩ ቀድሞ ስለገባው መኪናውን ሳይሆን ክፍሎቹን መላክ መረጠ። ሞተሩ፣ ሻሲው፣ ቦዲው ለየብቻ ታሽገው ከዲትሮይት ይወጣሉ፤ በየከተማው ባቋቋማቸው ቅርንጫፍ መገጣጠሚያዎች ይገጠማሉ። ዛሬ ተበታትኖ ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ አገር ቤት የሚገጣጠም መኪና ሲያዩ፣ ከቀረጡ ጉዳይ ሌላ ይኸው የአየር ሒሳብ አለበት። ከፎርድ በቀር ያሉት አምራቾች ግን ብዙዎቹ ሙሉ መኪና ነበር የሚልኩት፤ ስለዚህ ባቡሩ መላ መፈለግ ነበረበት።

የመጀመሪያው መላ በሩ ላይ ነበር። ተራው የተዘጋ ፉርጎ ጎኑ ላይ አንድ ጠባብ ተንሸራታች በር ነው ያለው፤ ረጅም መኪና በዚያ አስገብቶ ወደ ጎን ማዞር ፈተና ነው። ስለዚህ ለአውቶሞቢል ተብለው ጎናቸው ላይ ሁለት በር ጎን ለጎን የተገጠመላቸው፣ አንዳንዶቹም ጫፋቸው ላይ እንደ ጋራዥ የሚከፈት በር ያላቸው ፉርጎዎች ተሠሩ። ሠራተኞች መኪናውን በእጅ እየገፉ ያስገባሉ፤ የኋላውን በክሪክ አንሥተው ወደ ጥግ ያንሸራትታሉ፤ ከጎማው ፊትና ኋላ የእንጨት ታኮ አስገብተው ወለሉ ላይ በምስማር ይመቱታል። ተጨማሪ መኪና ለማስገባት ሲፈለግ ፉርጎው ውስጥ በጣውላ ቆጥ ይሠራና አንዱ መኪና ከሌላው በላይ ሰያፍ ሆኖ ይወጣል። መድረሻው ላይ ያ ሁሉ ጣውላ ይፈርሳል፤ ባብዛኛው ለማገዶ ነው የሚተርፈው። ሥራው የአናጺ እንጂ የባቡር ሰው አይመስልም።

ኤድዋርድ ኤቫንስ የሚባል የዲትሮይት ነጋዴ ሀብቱን የጀመረው በዚያው የእንጨት ታኮ ነው። ሰውየው የመጓጓዝ ነገር ደሙ ውስጥ የነበረ ይመስለኛል፤ በ1926 ከአንድ ጋዜጠኛ ጋር ሆኖ በመርከብ፣ በባቡር፣ በመኪናና በአውሮፕላን ዓለምን በ28 ቀን ዞሮ በጊዜው ክብረ ወሰን የሰበረ ሰው ነው። በ1930ዎቹ ኩባንያው አውቶ-ሎደር የሚባል የብረት ቆጥ ለገበያ አወጣ። መኪናው ቆጡ ላይ ይወጣል፤ ጎማዎቹ ይታሰራሉ፤ ከዚያ በሰንሰለት ማንሻ አንድ ጫፉ ወደ ጣሪያው ይሳባል። ከሥሩ በሚተርፈው ቦታ ሌላ መኪና ይገባል። በዚህ ዘዴ 40 ጫማ ማለትም 12 ሜትር ገደማ በሚረዝም ፉርጎ ውስጥ አራት ትልልቅ መኪና ሰያፍ ሆኖ ይገባ ነበር። ጣውላም ምስማርም ቀረ።

አውቶ-ሎደር ያለው ፉርጎ በሩ ላይ አግድም ነጭ መስመር ይቀባ ነበር። የባቡር ታሪክ የሚወዱ ሰዎች የድሮ ፎቶግራፍ ሲያዩ መጀመሪያ የሚፈልጉት ያችን መስመር ነው። ቆጡ ሥራ ሲፈታ ተጣጥፎ ጣሪያው ሥር ስለሚታሰር ፉርጎው ሌላ ዕቃም መጫን ይችላል። ይህን ነገር ልብ ይበሉልኝ፤ ቬጋ ላይ ስንደርስ ይፈለጋል።

በዚህ ሁሉ መሐል ግን ካሚዮን መጣ። አራት አምስት መኪና ተሳቢ ላይ እየነዱ ማውጣት የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ጭነቱ ከፋብሪካው ደጅ ተነሥቶ ሻጩ ደጅ ላይ ይወርዳል፤ መሐል ላይ ማንም አይነካውም። ፉርጎው ግን ሎኮሞቲቭ ይጠብቃል፣ ፉርጎዎች በየመድረሻቸው ወደሚለዩበት ማቀናበሪያ ጣቢያ ይገባል፣ ይጋጫል፣ እንደገና ይጠብቃል። መኪኖቹም በየዓመቱ እየረዘሙና እየሰፉ ሄዱ፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ የነበሩትን ከኋላቸው ክንፍ መሰል ጌጥ ያላቸው አሜሪካውያን መኪኖች 12 ሜትር ፉርጎ ውስጥ ማስገባት ዝሆን በመስኮት ማስገባት ነበር። ከ1956 በኋላ ደግሞ መንግሥት ሰፋፊ አውራ ጎዳናዎችን መዘርጋት ጀመረ። በ1950ዎቹ መገባደጃ ባቡር ከአዲስ መኪና ጭነት የቀረው ድርሻ ከመቶ አሥር እንኳ አይሞላም ነበር። ፉርጎው ጠፍቶ ነው ያልኩት እንዳይመስልዎት፤ ሥራው ነው ጥሎት የሄደው።

የመለሰው ሐሳብ ቀላል ነው፤ ሣጥኑን መተው። ጀርመኖች ለቮልስዋገን ክፍት ባለ ሁለት ደርብ ፉርጎ ሠርተው ነበር። የካናዳ ብሔራዊ ባቡርም በ1950ዎቹ አጋማሽ 75 ጫማ የሚረዝም፣ ጫፍና ጫፉ ላይ በር ያለው ባለ ሁለት ደርብ ፉርጎ አወጣ፤ ስምንት መኪና ይይዝ ነበር። እነዚህን የካናዳ ፉርጎዎች እንዳይረሷቸው፤ መጨረሻ ላይ እንገናኛቸዋለን። አሜሪካ ውስጥ ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1960 አካባቢ ነው። ፍሪስኮ በመባል የሚታወቀው የሴንት ሉዊስ–ሳንፍራንሲስኮ የባቡር ኩባንያና ሌሎችም ረጅምና ጠፍጣፋ ፉርጎ ወስደው ሦስት ደርብ የብረት መደርደሪያ ተከሉበት። በ27 ሜትር ፉርጎ ላይ እንደ መኪናው ቁመት ከ12 እስከ 15 መኪና ይወጣ ጀመር። አንድ ካሚዮን ከሚሸከመው ሦስት እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው፤ ባቡሩ ደግሞ እንዲህ ያለውን ፉርጎ በደርዘን ይጎትታል።

አጫጫኑ ከሰርከስ የተወሰደ ነው፤ ስሙም እስከ ዛሬ «የሰርከስ አጫጫን» ነው። የአሜሪካ ሰርከስ ባቡሮች ጋሪዎቻቸውንና የአውሬ ሣጥኖቻቸውን ከባቡሩ ጭራ አስገብተው ከፉርጎ ወደ ፉርጎ ድልድይ ዘርግተው እየነዱ ወደ ፊት ያሳልፉ ነበር። መኪናውም እንደዚያው ነው የሚገባው፤ መወጣጫው ባቡሩ ጫፍ ላይ ይደገፋል፣ በፉርጎዎች መካከል የብረት ንጣፍ ይዘረጋል፣ ሾፌሩ አምስት ስድስት ፉርጎ ሰንጥቆ መጨረሻው ላይ ያቆማል። የሚገፋ ሰው የለም፤ ክሪክ የለም፤ አናጺ የለም።

የባለቤትነቱም ነገር ብልህ ነበር። በ1955 የተቋቋመው ትሬለር ትሬን የሚባል የባቡር ኩባንያዎች የጋራ ድርጅት (ዛሬ ቲቲኤክስ ይባላል) ከሥር ያለውን ጠፍጣፋ ፉርጎ ያቀርባል፤ ላዩ ላይ የሚተከለው መደርደሪያ የየባቡር ኩባንያው ነው። ከዲትሮይት ሎስ አንጀለስ ድረስ መኪና ይዞ የሄደ ፉርጎ ሲመለስ ማን ይጭንበታል የሚለው ጭቅጭቅ በጋራ ባለቤትነት ቀለለ። የማጓጓዣ ዋጋ ወረደ፤ የካሚዮን ሾፌሮች ማኅበር ተንጫጫ፤ አሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከአዲሶቹ መኪኖች ግማሽ ያህሉ ወደ ሐዲድ ተመለሱ።

አሁን ወደ ፎቶግራፍዎ። ጄኔራል ሞተርስ ቬጋን ያሰበው ከጃፓንና ከጀርመን የሚመጡትን ትንንሽ መኪኖች እንዲገጥም ነው። ዋጋው 2,000 ዶላር አካባቢ እንዲሆን ነበር የተፈለገው። ከኦሃዮ እስከ ካሊፎርኒያ ያለው መንገድ ከ3,500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ የጃፓኑ መኪና ደግሞ መርከቡ የሚያወርደው እዚያው ካሊፎርኒያ ደጅ ላይ ነው። ውድ በሆነ መኪና ላይ የማጓጓዣው ወጪ አይታይም፤ በርካሽ መኪና ላይ ግን ትርፉን ይበላዋል። ባለ ሦስት ደርቡ ፉርጎ 18 ቬጋ ይይዛል፤ በየደርቡ ስድስት። ከደቡባዊ ፓሲፊክ ባቡር ኩባንያ ጋር ሆነው ከዚህ በላይ ማስገባት አይቻልም ወይ ብለው ተቀመጡ።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው፤ እኔ ይህን ማድረግ እወዳለሁ። ቬጋ 4.31 ሜትር ይረዝማል፣ 1.66 ሜትር ይሰፋል፣ ከመሬት እስከ ጣሪያው 1.3 ሜትር ገደማ ነው። ሲያስተኙት 27 ሜትር ላይ ስድስት ብቻ ይሰለፋል። ሲያቆሙት ግን ፉርጎው ላይ የሚወስደው ስፋቱን ብቻ ነው፤ 15 ጊዜ 1.66 ሲባዛ 24.9 ሜትር ነው፣ ይገባል። ሁለት ረድፍ ጣሪያ ለጣሪያ ፊት ለፊት ቢያቆሙ 2.6 ሜትር ገደማ ነው፣ በፉርጎው ወርድ ይገባል። ከፍታው 4.31 ነው፣ ባቡሩ ከሚፈቀድለት ከፍታ በታች ነው። አሥራ አምስት በሁለት ረድፍ፣ ሠላሳ መኪና። አንዱ ቬጋ አንድ ቶን ያህል ስለሚመዝን ሠላሳ ቶን ጭነት ማለት ነው። ፉርጎው በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ መኪና ተጭኖበት ክብደት ተሰማው!

አሠራሩን ልግለጽልዎት። የፉርጎው ግድግዳ ሁሉ በር ነው፤ በየጎኑ አሥራ አምስት። በሩ ከሥር በማጠፊያ ታስሮ ወደ ውጭ ይከፈትና መሬት ላይ እንደ ምንጣፍ ይነጠፋል። ሾፌሩ መኪናውን እየነዳ በሩ ላይ ያወጣዋል። ከመኪናው ሆድ ሥር አራት የብረት መያዣዎች አሉ፤ በሩ ላይ ካሉት መቆለፊያዎች ጋር ይጋጠማሉ። ከዚያ ፎርክሊፍት መጥቶ የበሩን ጫፍ ይዞ ያነሣዋል። በሩ ሲዘጋ መኪናው አብሮ ይቆማል፤ አፍንጫው ወደ ታች፣ ሆዱ በሩ ላይ፣ ጣሪያው ወደ ውስጥ። ተዘግቶ ሲያዩት መኪና የጫነ አይመስልም፤ አንድ ትልቅ የብረት ሣጥን ነው። እርስዎ ያዩት ፎቶግራፍ የተነሣው በሮቹ እየተነሡ እያለ መሆን አለበት፤ አለዚያ መኪናው አይታይም ነበር።

ዘይቱስ? የመሐንዲሶቹ ሕግ አንድ ነበር፦ መኪናው ከነዘይቱ፣ ከነውሃው፣ ከነነዳጁ ይጫን፤ ሲወርድ ደግሞ ተነድቶ ይሂድ። ዘይት አፍስሶ እዚያ መሙላት ከተጀመረማ የተረፈው ገንዘብ ለመካኒክ መክፈያ ሊውል ነው። ስለዚህ ያሻሻሉት ፉርጎውን ብቻ ሳይሆን መኪናውንም ጭምር ነው። ሞተሩ ተዘቅዝቆ ሲቆም ዘይቱ ወደ ፊት ይወርድና ወደ አንደኛው ሲሊንደር ይገባል፤ ይህን እንዲያግድ ሞተሩ ውስጥ ልዩ መከለያ ተደረገለት። የባትሪው ክዳኖች አሲዱ እንዳይፈስ ወደ ኋለኛው የላይ ጠርዝ ተዛወሩ። ከካርቡራተሩ ነዳጅ እንዳይንጠባጠብ የሚተርፈውን ወደ ነዳጅ ትነት ማጠራቀሚያው የሚወስድ ቀጭን ቱቦ ተጨመረ። የመስታወት ማጠቢያው ውሃ መያዣ ሳይቀር 45 ዲግሪ ተጋድሞ ተገጠመ። ሞተርና ማርሹ በራሳቸው ክብደት ወደ ፊት ተንሸራትተው ማቀፊያቸውን እንዳያበላሹ የፕላስቲክ ሽብልቅ ይገባባቸው ነበር፤ ሽብልቁ መድረሻው ላይ ይወጣል። ባቡሩ ሲንቀጠቀጥና ፉርጎ ከፉርጎ ሲጋጭ ምን እንደሚሆን አስቀድመው ሞክረው አይተዋል።

ከማንኛውም ነገር በላይ የሚገርመኝ ያች የውሃ መያዣ ናት። አንድ ሰው ካሊፎርኒያ ውስጥ መኪና ገዝቶ ኮፈኖውን ሲከፍት መያዣዋ ተጋድማ ያያታል፤ የተጋደመችው መኪናው ሕይወቱን በአፍንጫው ቆሞ ስለጀመረ መሆኑን ግን አያውቅም።

ታዲያ ለምን ዛሬ የለም? አውቶ-ሎደር ላይ ልብ ይበሉ ያልኩዎት ለዚህ ነው። የኤቫንስ ቆጥ ሲታጠፍ ፉርጎው ስንዴም ምድጃም ይጭናል፤ ቨርት-ኤ-ፓክ ግን ቬጋን እና የእሱን መንታ ወንድም ፖንቲያክ አስትሬን እንጂ ሌላ መኪና አይይዝም። በሩ የተሰፋው በቬጋ ልክ ነው፤ መቆለፊያው የሚገጥመው ከቬጋ ሆድ ጋር ነው። ሲሄድ እጅግ ትርፋማ፣ ሲመለስ ባዶ። ቬጋ ደግሞ በዝገቱና በአሉሚኒየም ሞተሩ ስሙ ጠፋ፤ በ1977 ምርቱ አበቃ። ፉርጎዎቹም አብረውት አበቁ። እኔ ሥራውን ስጀምር ከሐዲድ ከወረዱ ቆይተዋል፤ የሚያስታውሷቸው ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ። በነገራችን ላይ በዚያው ዘመን ስታክ-ፓክ የሚባል ታናሽ ዘመድም ነበረው፤ ካዲላክን የመሳሰሉ ትልልቅ መኪኖችን ሦስት ሦስት አድርጎ በሚዘጋ ኮንቴይነር የሚይዝ። እሱም ዕድሜው አጭር ነበር።

ባለ ሦስት ደርቡ ሲቆይ የገጠመው ጠላት ሌላ ነው፦ ድንጋይ። ክፍት መደርደሪያ ላይ የተሰለፉ አሥራ አምስት አዳዲስ መኪኖች በከተማ መሐል ሲያልፉ፣ ከድልድይ በላይ ለቆመ ልጅ ከዚህ የበለጠ ዒላማ የለም። መስታወት ይሰበራል፤ አንዳንዴ ጥይት ይተኮሳል። ባቡሩ ዳር ይዞ ሲቆም ደግሞ ሌባ ይወጣና ሬዲዮ፣ ባትሪ፣ ጎማ ፈትቶ ይወርዳል። የካሳው ሒሳብ እየናረ ሲሄድ በ1970ዎቹ ጎኑን በተበሳ ቆርቆሮ መሸፈን ተጀመረ፤ ከዚያ ጣሪያ፣ ከዚያ በየጫፉ የሚቆለፍ በር። ቆርቆሮው የተበሳው ለጌጥ አይደለም። ሾፌሮች ውስጥ ሞተር አስነሥተው ስለሚነዱ ጭሱ መውጣት አለበት፤ ብርሃንም መግባት አለበት። ቀዳዳው አየር ያሳልፋል፣ ድንጋይ አያሳልፍም። አየሩን ለመቀነስ ሣጥኑን ጥለው የወጡት ሰዎች ሃያ ዓመት ሳይሞላ ወደ ሣጥን ተመለሱ።

ሽፋኑ ያላስቀረው አንድ ነገር አለ፦ የብረት ብናኝ። ባቡሩ ፍሬን ሲይዝ ከብረት ጎማውና ከሐዲዱ ዓይን የማያየው ብረት ይረግፋል፤ ትኩስ ስለሆነ ቀለሙ ላይ ይጣበቃል፤ ጤዛ ሲያርፍበት ይዝጋል። ነጭ መኪና ላይ በርበሬ የተነሰነሰ የሚመስሉ ብርቱካንማ ነጠብጣቦች ካዩ ያ መኪና በባቡር ተጉዞ ሊሆን ይችላል። ቀለሙ የዛገ መስሏቸው የሚጨቃጨቁ ደንበኞች ስንት ጊዜ አጋጥመውኛል! ማጽጃ አለው፤ በጥፍር አይፍቁት እንጂ።

የዛሬውን አሠራር ከቅርብ ላሳይዎት። የመጀመሪያ ቀኔ ክረምት ነበር፤ ደንበኛ የብረት ዘለበት ያለው ቀበቶ ታጥቄ፣ ሰዓቴን አስሬ መጫኛው ግቢ ደረስኩ። አለቃው ከእግር እስከ ራሴ አየኝና «ይህን ሁሉ ቢላዋ ይዘህ የት ልትገባ ነው?» አለኝ። ዘለበት፣ ቀለበት፣ ሰዓት፣ ዚፕ፣ ሁሉም ቀለም ይጭራል፤ ወይ ይወልቃል ወይ ይሸፈናል። ፉርጎው ውስጥ ሲገቡ ምክንያቱ ይገባዎታል። በመኪናው በርና በቆርቆሮው ግድግዳ መካከል ያለው ቦታ ሰው በጎኑ የሚያልፍበት ያህል ነው። ሾፌሩ ስፖኪዮውን አጥፎ፣ ከፊቱ ካለው መኪና ስንዝር ባልሞላ ክፍተት ላይ አቁሞ፣ በሩን እንደ እንቁላል ቅርፊት ቀስ አድርጎ ከፍቶ ሹልክ ይላል። ወለሉ የብረት ወንፊት ነው፤ ታኮው ወንፊቱ ላይ ጠቅ ብሎ ይቆለፋል፣ ከጎማው ፊትና ኋላ። ድሮ መኪናውን በሰንሰለት ወደ ወለሉ ስበው ያስሩት ነበር፤ ታኮው ለሻሲውም ለጎማውም ይሻላል። ከዚያ ሾፌሮቹን የሚሰበስብ ሚኒባስ ይመጣል፣ ወደ ቆመው ሰልፍ ይመልሳቸዋል፣ እንደገና ይነዳሉ። ቀኑን ሙሉ ይኸው ነው።

ከተጫነ በኋላ ትልቁ ሥጋት ግጭት ነው። ፉርጎ ከፉርጎ ሲጋጠም ፍጥነቱ በሰዓት ከ6 ኪሎ ሜትር ብዙ እንዳይበልጥ ይፈለጋል፤ የእግረኛ ርምጃ ነው። ጫፉ ላይ ያለው የሃይድሮሊክ ማለዘቢያም ቀሪውን ይውጣል። ብዙ ጊዜም መኪና የያዘ ፉርጎ ሌሎቹ ፉርጎዎች በራሳቸው ክብደት እየተንሸራተቱ በሚለዩበት ኮረብታ ላይ እንዲለቀቅ አይፈቀድም። ሌላው የማይረሳ ጉዳይ ፉርጎው በየት በኩል እንደዞረ ነው፤ መኪኖቹ ፊታቸው ወደ መውጫው መሆን አለበት። መንገድ ላይ ተገልብጦ ከደረሰ ያን ሁሉ መኪና በጠባቡ ቦታ ወደ ኋላ እየነዱ ማውጣት ነው፤ ያን ቀን ከእኔ መዝገብ ላይ ጭረት አይጠፋም።

በአሁኑ ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ከሚሸጡት አዳዲስ ተሽከርካሪዎች ሦስት አራተኛው ገደማ የጉዞውን አንድ ክፍል በባቡር ያደርጋሉ፤ የመጨረሻዎቹን መቶ ምናምን ኪሎ ሜትሮች ብቻ ካሚዮን ይረከባል። ሰው ከሴዳን ወደ ረጃጅም መኪናና ፒክአፕ ስለዞረ ሦስቱ ደርብ ሁለት እየሆነ ነው፤ ባለ ሁለት ደርቡ አሥር ያህል ይይዛል። አየሩ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ለእርስዎ አካባቢ የሚጠቅም ነጥብ ቢኖር ከፍታው ነው። የአሜሪካ ባለ ሦስት ደርብ ፉርጎ ከሐዲዱ 5.8 ሜትር ገደማ ይቆማል፤ ዋሻና ድልድይ ዝቅ በሚሉባቸው የምሥራቅ መስመሮች ለረጅም ጊዜ መግባት አይችልም ነበር፤ አውሮፓም ውስጥ በዚሁ ምክንያት ሁለት ደርብ ነው የሚሠራበት። ስለዚህ አንድ መስመር ስንት ደርብ ይችላል ተብሎ ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚለካው ፉርጎው ሳይሆን ከሐዲዱ በላይ ያለው ዝቅተኛው ነገር ነው፤ ድልድይ ይሁን፣ የዋሻ ጣሪያ ይሁን፣ እንደ ጅቡቲና አዲስ አበባው መስመር በኤሌክትሪክ በሚሄደው ላይ ደግሞ ከላይ የተዘረጋው ሽቦ።

የካናዳዎቹ ፉርጎዎች ዕጣ ይቀረኛል። በ1971 ዩጂን ጋርፊልድ የሚባል ሰው መንገደኛውንና የመንገደኛውን መኪና በአንድ ባቡር የሚያጓጉዝ ኩባንያውን ሥራ ሲያስጀምር ለመኪኖቹ የገዛው እነዚያኑ የካናዳ ባለ ሁለት ደርብ ፉርጎዎች ነው። ኩባንያው ከስሮ በ1981 ሥራ አቆመ፤ ከ1983 ጀምሮ ግን አምትራክ የሚባለው የአሜሪካ የመንገደኞች ባቡር ድርጅት አገልግሎቱን ተረክቦ እስከ ዛሬ ያካሂደዋል። መነሻው ሎርተን፣ ቨርጂኒያ ነው፤ ከዋሽንግተን በስተደቡብ፣ የአበሻ ሱቅና ምግብ ቤት ከሞላባት ከአሌክሳንድሪያ ብዙም ሳይርቅ። መድረሻው ሳንፎርድ፣ ፍሎሪዳ ነው። ዘመድ ሊጠይቁ ዋሽንግተን ከመጡ ከሰዓት በኋላ ሎርተን ጣቢያ ሄደው ይቁሙ፤ መኪኖች አንድ በአንድ ወደ ፉርጎው ሲገቡ ያያሉ፤ ባለቤቶቻቸው ደግሞ ትንሽ ሻንጣ አንጠልጥለው ወደ መኝታ ክፍላቸው ያመራሉ። ሁሉም በአራት እግራቸው ቆመው ነው የሚሄዱት።